ካፒቴኑ ከዳ ወይስ ተደረገበት?

አውሮፕላኑ ደመና ላይ ነው። በሩ ተከፍቷል። ጃክ ፍላግ የሚባል፣ ከስሙ ጀምሮ ባንዲራ የሆነ ሰው በሩ አጠገብ ቆሟል። ካፒቴን አሜሪካ አብሮት ስላለ አንዳች አይሰጋም። ካፒቴኑ ግን ድንገት ሰውየውን አንሥቶ ወደ ባዶው ሰማይ ወረወረው። ከዚያ ሁለት ቃል ተናገረ። ቃሉ የሃይድራ ሰላምታ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሲዋጋው የኖረው የዚያ የክፉዎች ማኅበር ሰላምታ። ገጹ አለቀ፤ መጽሔቱም አለቀ፤ የቀረው ለሚቀጥለው ወር።

ነገሩ የታተመው ሜይ 25 ቀን 2016 ነው (በእኛ ግንቦት 17 ቀን 2008 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ)። ደራሲው ኒክ ስፔንሰር፣ ሠዓሊው ሄሱስ ሳይዝ፣ አሳታሚው ማርቭል። አሜሪካ ውስጥ ያን ሰሞን የተነሣው ግርግር ቀላል አልነበረም። ደራሲው የግድያ ዛቻ ደረሰው። በፊልም ካፒቴኑን ሆኖ ይሠራ የነበረው ክሪስ ኢቫንስ ሳይቀር ድንጋጤውን በአደባባይ ተናገረ። እኛ ቤት ወሬው የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው፤ አደራረሱ ግን የትኩስ መርዶ ነው። የእህቴ ልጅ አንድ እሑድ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ ያንን የመጨረሻ ገጽ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ እውነት ከድቶ ነው?»

«ከድቷል እንጂ! ሰው ከሰማይ ወርውሮ በጠላት ቋንቋ ሰላምታ የሚሰጥ ምን ይባላል ታዲያ?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሳሎናችን ችሎት ሆነ። የእህቴ ልጅ ተከላካይ ጠበቃ፣ እኔ ዐቃቤ ሕግ። ግድግዳ የምንጋራቸው ጡረተኛ ዳኛ እሑድ እሑድ ቡና ስለማይቀሩ ወንበሩ የእርሳቸው ሆነ። እማዬ ከረከቦቱ ጀርባ ታዳሚ ናት፤ ለጊዜው የመሰለን እንደዚያ ነው። ለዳኛው ተከሳሹ ሥዕል መሆኑን አስቀድሜ አስረዳኋቸው። «ግድ የለም፤ በሥራ ዘመኔ በአካል ቀርቦም ሥዕል የሆነብኝ ተከሳሽ ብዙ ነበር» አሉኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሰውየው ማን እንደሆነ እንይ። ስሙ ስቲቭ ሮጀርስ ነው። ነፋስ የሚጥለው ከሲታ ልጅ ነበር። ልዝመት ብሎ ቢመዘገብ ሐኪሞቹ አይተውት «ሂድ ወደ ቤትህ» አሉት። ከዚያ አንድ ሳይንቲስት ምስጢራዊ መድኃኒት ሰጠውና በአንድ ጀምበር ትከሻው በበር የማያስገባው ጎበዝ ሆነ። የፈጠሩት ሁለት የኒውዮርክ ወጣቶች ናቸው፤ ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ፣ ሁለቱም የአይሁድ ቤተሰብ ልጆች። የመጀመሪያው ቁጥር ሽፋን ላይ ካፒቴኑ ሂትለርን መንጋጋው ላይ በቡጢ ሲያቀምሰው ይታያል። መጽሔቱ ለገበያ የዋለው በዲሴምበር 1940 ነው። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ የገባችው ደግሞ በዲሴምበር 1941። እንግዲህ ወረቀት ላይ ያለው ሰው ከመንግሥቱ አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ ዘምቷል ማለት ነው።

ያች ቡጢ ቀልድ አልነበረችም። በዚያን ጊዜ ኒውዮርክ ውስጥ በአደባባይ የሚሰለፉ የሂትለር ደጋፊዎች ነበሩ፤ ለሁለቱ ልጆች የዛቻ ደብዳቤና የስልክ ስድብ ይጎርፍ ጀመር። ሳይመን በኋላ እንደተረከው የከተማው ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ ራሱ ደውሎ አይዟችሁ፣ ከተማው ይጠብቃችኋል ብሏቸዋል። ከርቢ ደግሞ ሥሎ ብቻ አልቀረም። ተመልምሎ አውሮፓ ዘመተ፣ እግሩን ብርድ በልቶት ሊቆረጥ ምንም አልቀረው ነበር። የቡጢው ባለቤት በእግሩም ከፍሏል።

ስለዚህ በ2016፣ ሰውየው ሰባ አምስተኛ ዓመቱን በሚያከብርበት ዓመት፣ የሃይድራን ሰላምታ ከአፉ መስማት ለብዙ አንባቢ የቤተሰብ ውርደት ነበር። ሃይድራ ራሱ ናዚ ነው፣ አይደለም የሚል ሌላ ክርክርም ተነሥቷል። ማኅበሩ በኮሚክ ዓለም የተወለደው በ1965 ነው፤ በፊልሙ ግን የናዚ የሳይንስ ክንፍ ሆኖ ነው የመጣው። አንድ ራሱ ሲቆረጥ ሁለት እንደሚያበቅል አውሬ ነን እያሉ የሚፎክሩ ሰዎች ናቸው። እኔ በበኩሌ ናዚ ናቸው አይደሉም ብዬ የማጠፋው ጊዜ የለኝም። ዩኒፎርም ለብሶ፣ እጁን ሽቅብ ወርውሮ፣ ለአንድ አለቃ የሚጮኽ ሰው ካየሁ ይበቃኛል።

እኔና እኩዮቼ ያደግነው ቪዲዮ ቤት ነው። የቪዲዮ ቤት ሕግ ደግሞ አጭር ነው፤ አክተሩ አይሞትም። ጥይት እንደ ዝናብ ቢወርድበት፣ ከገደል ቢወድቅ፣ ባቡር ቢሄድበት አይሞትም። ከኋላ አግዳሚ የተቀመጠ አንድ አዋቂ ሁልጊዜ «አትፍሩ፣ አክተሩ ነው» ይል ነበር፤ እኛም እንረጋጋለን። አክተሩ ይከዳል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን ትዝ አይለኝም። ጥያቄው ራሱ አልተፈጠረም። ክህደት የአክተሩ ጓደኛ ሥራ ነው፤ ያ ቀጭኑ፣ ጢሙን የሚያሻሸው፣ ገና ፊልሙ ሲጀመር «እሱን ሰውዬ አልወደድኩትም» የምንለው። የእህቴ ልጅ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ረግጦ ባያውቅም ሕጉን ከማን እንደወረሰው እንጃ፣ ልቅም አድርጎ ያውቀዋል።

መከላከያውን ሲያቀርብ በመጀመሪያ ያመጣው የታወቀውን ነው፤ እሱ አይደለም። መልኩን የወሰደ ሌላ ሰው ነው፣ ወይም ከደሙ የተቀዳ ቅጂ ነው። ዳኛው «ማስረጃ?» ሲሉት አስቀድሞ የተዘጋጀበትን አወጣ። በዚህ ነጥብ ላይ እኔ ዐቃቤ ሕጉ ራሴ ተገርሜ ነው የሰማሁት።

ካፒቴኑ ከጦርነቱ በኋላ ገበያው ቀዝቅዞ ታጥፎ ነበር። በ1953 እንደገና ተነሣና ኮሚኒስት የሚያሳድድ ሆነ፤ በዓመቱ ደግሞ ከሰረ። በ1964 ስታን ሊና ከርቢ ሲመልሱት ሌላ ታሪክ አመጡ፤ ሰውየው በጦርነቱ ማብቂያ ባሕር ውስጥ ወድቆ፣ በረዶ ሆኖ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ተኝቶ ኖሯል አሉ። ጥሩ። ታዲያ በረዶ ውስጥ ከነበረ በ1950ዎቹ ኮሚኒስት ሲያሳድድ የነበረው ማን ነው? ሒሳቡ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይወራረድ ቆየ። በ1972 ስቲቭ ኤንግልሃርት የሚባል ደራሲ መጣና ዘጋው። ያ ሌላ ሰው ነበር፤ ካፒቴኑን ከመውደዱ ብዛት መልኩን በኦፕሬሽን አስቀይሮ፣ ስሙን ወስዶ፣ መድኃኒቱን በትክክል ሳይወስደው ቀርቶ ያበደ፣ ያየው ጥቁር ሁሉ ጠላት የሚመስለው ሰው። እንግዲህ አሳፋሪውን ዘመን በሙሉ ጠቅልለው ለአንድ እብድ አሸከሙትና የእኛው ሰው ንጹሕ ሆነ።

«ድርጅቱ የቀድሞ ልምድ አለው ክቡር ዳኛ» አለ የእህቴ ልጅ።

ልምዱስ አለው። ነገር ግን በ2016 የመጽሔቱ ሰዎች ይህች በር እንደምትንኳኳ ያውቁ ስለነበር አስቀድመው ቆልፈዋታል። ቅጂ አይደለም፣ አስመሳይም አይደለም፣ ራሱ ስቲቭ ሮጀርስ ነው ብለው ለጋዜጠኞች አስረግጠው ተናገሩ። ይህንን ለችሎቱ አቀረብኩ። ዳኛው «የተከሳሽ ማንነት ተረጋግጧል፤ ቀጥል» አሉት።

ቀጠለ። አሁን ደግሞ ሰርጎ ገብ አደረገው። ሃይድራን ከውስጥ ሊሰልል ነው የገባው፤ እንዲያምኑት ሲል ነው ጃክ ፍላግን የወረወረው፤ ከታች የሚቀበለው አለ።

«ምን ይዞ ነው የሚቀበለው?» አሉ ዳኛው።

«እንጃ… መረብ ነገር።»

«መረቡ በሥዕሉ ላይ አለ?»

ልጁ በሁለት ጣቱ ገጹን አሰፋው፣ አጠበበው፣ ወደ ታች ገፋው። ደመና ብቻ ነው።

ይሄኔ እኔ ወደ አስተዳደግ ገባሁ። በዚያው የመጀመሪያ ቁጥር ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሶ 1926ን የሚያሳይ ክፍል አለ። ስቲቭ ሕፃን ነው፤ አባቱ ሰካራምና ተደባዳቢ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ባልየው እናቱን ሣራን ሲያንገላታት ኤሊሳ ሲንክሌር የምትባል ሽቅርቅር ሴትዮ ደርሳ አስጣለቻት፣ አጽናናቻት፣ ቀስ ብላም ወደ አንድ ማኅበር ጋበዘቻት። ማኅበሩ ሃይድራ ነው። ልጁ እንግዲህ በዚያ ውስጥ አደገ። «ከሥር ነው የተበላሸው» አልኩ፣ ጉዳዩን የረታሁ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

በእኛ ሰፈር ክፉ ልጅ የወለደች እናት የለችም። የታሰረውም፣ የሰረቀውም፣ ሚስቱን ጥሎ የሄደውም ጓደኛ ያበላሸው ነው። ጓደኛውን ሄዳችሁ ብትጠይቁ የእሱም እናት ያበላሸውን ሌላ ጓደኛ ትጠራላችኋለች፤ ሰንሰለቱን ተከትሎ የመጀመሪያውን አበላሽ ያገኘ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ስለዚህ እማዬ ከረከቦቱ ጀርባ ቀና ስትል የምትለውን የማውቅ መሰለኝ።

«ምን ትሁን እቺ ሴት?» አለች። «ባል ይደበድባታል፣ የሚያስጥል ዘመድ የላት። እጇን የዘረጋችላትን ብትከተል ይፈረድባታል? ቆይ ግን፣ ይሄ ልጅ ድሮም እንዲህ ነበር?»

«አልነበረም እማማ» አለ የእህቴ ልጅ። «ድሮ እናቱ ደግ ነበረች፤ ሃይድራ የሚባልም ቤታቸው አልገባም። ይሄ አሁን የመጣ ታሪክ ነው።»

«እንዴት ነው ድሮ የሆነ ነገር አሁን የሚመጣው?» ሲኒውን እያለቀለቀች ትንሽ አሰበች። «በቅርቡ ከሰው እጅ የተቀበለው ነገር አለ?»

የእህቴ ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። አለ እንጂ! ካፒቴኑ ከጥቂት ጊዜ በፊት ያ መድኃኒት ከሰውነቱ ተሟጦ አንድ ፍሬ ሽማግሌ ሆኖ ነበር፤ ከዘራ የሚይዝ፣ ፀጉሩ የሸበተ። በኋላ ኮቢክ የምትባል ትንሽ ልጅ አገኘችውና ወጣትነቱን መለሰችለት። ትከሻው እንደገና በበር የማያስገባው ሆነ።

«በነፃ?» አለች እማዬ።

«በነፃ።»

«ይኸው። ተደርጎበት ነው። መተት ነው።» ብላ ጀበናውን ወደ ከሰሉ መለሰች። ገና ቶናው አልተቀዳም ነበር።

እኔና ዳኛው ተያየን። ዘመናዊ ሰዎች ነን፤ ፈገግ አልን። የእህቴ ልጅ ግን ሁለተኛውን ቁጥር ከፍቶ ማንበብ ጀመረ፤ እያነበበም ድምፁ ቀነሰ። በጁን 2016 የወጣው ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእማዬ ፍርድ ነው። ኮቢክ ልጅ አይደለችም፤ ኮስሚክ ኩብ የሚባል፣ ያሰቡትን ሁሉ እውን የሚያደርግ ጠጠር ነፍስ ዘርቶ የልጅ መልክ የያዘ ነው። የካፒቴኑ ጥንታዊ ጠላት፣ ፊቱ ቀይ የራስ ቅል የሆነው ሬድ ስከል ደግሞ አስቀድሞ ልጅቷን ቀርቦ፣ አጫውቶ፣ ሃይድራ ማለት የደጎች ቤት ነው ብሎ አሳምኗታል። እሷም ሽማግሌውን ስታድሰው ጥሩ ያደረገች መስሏት የኋላ ሕይወቱን በሙሉ አብራ አደሰችው። እናቱን፣ ልጅነቱን፣ ትዝታውን። ማርቭልን የሚያህል ድርጅት ዓለምን ወር ሙሉ አስጨንቆ የሰጠውን መልስ እማዬ ከአቦልና ከቶና መካከል አገኘችው። ያውም የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው።

ዳኛው ግን መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ ነገሩ ጥሟቸዋል ማለት ነው።

«ቆዩ፣ ቆዩ። ወንጀል የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ሲሟሉ ነው። ሰው መግደል በሕግ ተከልክሏል፤ አንድ። ሰውየው ተወርውሯል፤ ሁለት። የቀረን ሐሳቡ ነው። አሁን ይህ ሰው ሲወረውር አእምሮው ታውኮ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ሌላ ሰው እየነዳው ነበር?»

«አልነበረም። እነሱም አይደለም ብለዋል።»

«አስቦበት ነበር?»

«አዎ፣ ግን ያሰበው የተቀየረው እሱ ነው።»

«እሱማ ሰው ያልቀየረው ማን አለ?» አሉ ዳኛው። «እኔ ችሎት ላይ የቀረበ ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ሰው የቀየረው ነው። አንዱን ረኃብ፣ አንዱን የእንጀራ አባት፣ አንዱን መጠጥ። ያንን ሁሉ ለቅጣት ማቅለያ እይዘዋለሁ እንጂ ነፃ አላወጣበትም። ይሄኛው ልዩነቱ የቀየሩት በአንድ ቀን መሆኑ ብቻ ነው።»

እኔ በዚህ ነጥብ ላይ ከዳኛው ጋር ነኝ፤ ዐቃቤ ሕግ ስለሆንኩ ብቻም አይደለም። መተት ማለት በጣም የሚመች ነገር ነው። ሰውየውን ይመልስልናል፣ ሥራውን ይወስድልናል። ስቲቭ ሮጀርስ እንደ ድሮው ደግ፣ ሥራው የሬድ ስከል። ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ የሚያስፈራው እኮ ሰውየው ምንም አለመቀየሩ ነው። ዲሲፕሊኑ ያው፣ ትሕትናው ያው፣ ንግግሩ ሰው የሚያስለቅሰው ያው። በኋላ እንደታየው መንግሥት ራሱ ሥልጣኑን ሁሉ ያስረከበው በዚሁ ባሕርይው ነው፤ የደኅንነቱ መሥሪያ ቤት አለቃ አደረጉት፣ በአዋጅ ተጨማሪ ሥልጣን ሰጡት፣ ማንም ደግሞ አልጠረጠረም። አንድ ጊዜ ካመኑት በኋላ ማን መታወቂያ ይጠይቀዋል?

የእህቴ ልጅ የመጨረሻ ጥይቱን የተኮሰው እዚህ ላይ ነው። «መዶሻውን አንሥቷል!» አለ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ቶር የሚባለው የነጎድጓድ አምላክ መዶሻ አለው፤ የተገባው ሰው ካልሆነ በቀር ማንም አያነሣውም። ጉልበት አይደለም፣ ልብ ነው የሚመዘነው። በ2019ኙ «አቬንጀርስ፡ ኤንድጌም» ፊልም ካፒቴኑ መዶሻውን ሲያነሣ ሲኒማ ቤቱ እንዴት እንደጮኸ ያየ ያውቀዋል። በኮሚኩ ደግሞ በሜይ 2017 በነፃ በታደለ መጽሔት ላይ፣ ያ የሃይድራው ካፒቴን በሁሉ ፊት መዶሻውን አነሣው። ስለዚህ ልቡ ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ አልከዳም። መከላከያው ይህን ይመስላል፤ ጥሩ መከላከያ ነው። እኔ እንኳ ለአፍታ ተንገዳግጄ ነበር።

ኋላ ሲገለጥ ግን መዶሻው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ራሱ በዚያው በኩቡ ኃይል ተቀይሮ ኖሯል። «ፎርጅድ ነው!» አልኩ ከወንበሬ ተነሥቼ። የምስክር ወረቀቱ ፎርጅድ ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ደስ ይላል፤ ዳኛው ምንም ማብራሪያ አልጠየቁኝም። ማኅተሙ እውነተኛ፣ ወረቀቱ እውነተኛ፣ ውስጡ የተጻፈው ግን የሌላ።

ታሪኩ በ2017 «ሲክረት ኤምፓየር» በሚል ርእስ ከኤፕሪል እስከ ኦገስት ወጥቶ አለቀ። ላስ ቬጋስ ወደመች። ናታሻ፣ ብላክ ዊዶው የምትባለው የልብ ወዳጁ፣ በዚያ በታወቀው ጋሻው ተመትታ ሞተች። መጨረሻው ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ? በኮቢክ ትዝታ ውስጥ ተደብቆ የቆየው «እውነተኛው» ስቲቭ ሮጀርስ ከዚያ ወጣ። ሁለት ስቲቮች ፊት ለፊት ተጋጠሙ፤ ጥሩው መጥፎውን ደብድቦ ጣለው። መጥፎው ታሰረ፣ ጥሩው ልብሱን ለበሰ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው። እሱ አይደለም የሚለውን መከላከያ ገና ከጅምሩ ራሳቸው በዋናው በር አባረው፣ ራሱ ነው ብለው ምለው ተገዝተው ሲያበቁ፣ ለፍጻሜው ጊዜ በጓሮ በር አስገቡት። የ1972ቱ እብድ በሌላ ስም ተመለሰ ማለት ነው። ሰባ አምስት ዓመት ሙሉ የታመነ ሰው ቢከዳ ምን ይሆናል የሚል ትልቅ ጥያቄ አንሥተው፣ አንባቢውን ዓመት ከሦስት ወር ገደማ አንጨርጭረው፣ «አይ፣ ሁለት ሰዎች ነበሩ» ብለው ተነሡ። ይህ መልስ አይባልም።

ርእሱን የተዋሱት እንኳ ከሌላ የተሻለ ታሪክ ነው። በ1974፣ የዋተርጌት ጉድ አሜሪካን በሚያምስበት ዓመት፣ ያው ኤንግልሃርት «ሲክረት ኤምፓየር»፣ በእኛ «ምስጢራዊው ግዛት»፣ የሚባል የሴረኞች ማኅበር ይዞ መጥቶ ነበር። ካፒቴኑ መሪውን እያሳደደ እስከ ዋይት ሐውስ ውስጥ ይገባል፤ ጭምብሉን ሲገልጠው የሚያየውን ፊት አንባቢ አያየውም፣ ሰውየው ግን ትልቅ ባለሥልጣን ነው፣ እዚያው ራሱን ያጠፋል። ደራሲው በኋላ ኒክሰንን ማሰቡን አልደበቀም። እና ካፒቴኑ ምን አደረገ? ልብሱን አውልቆ ስሙን ጣለ። አሜሪካ የሚለውን ስም ይዞ መዞር አቃተው። ለጥቂት ወራት «ኖማድ»፣ አገር አልባ መንገደኛ ተብሎ ኖረ። ማንም አልመተተበትም፣ ማንም አልቀየረውም። አየ፣ አዘነ፣ ተወው፤ ቆይቶ ደግሞ አስቦበት ተመለሰ። ለእኔ ይህ ነው ወግ ያለው ሰው።

አንድ ነገር ግን ልመስክርላቸው። ከ2017ቱ ፍጻሜ በኋላ፣ በጁላይ 2018 ታ-ነሃሲ ኮትስ መጽሔቱን ሲረከብ፣ ጥሩው ስቲቭ ወደ አገሩ ተመልሶ ሕዝቡ ሲሸሸው ነው ያሳየው። እሱ አልነበርኩም ቢል ማን ይሰማዋል? ፊቱ ያው ፊት ነው። ከተማ የተቃጠለበት ሰው፣ ልጁን የቀበረ ሰው፣ ስለ ኩብና ስለ ትዝታ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ይህንን ለችሎቱ ስናገር የእህቴ ልጅ ራሱን ዝቅ አደረገ። ዳኛውም የማጠቃለያ ሐሳባቸውን ለመስጠት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጥፋተኛ ነው፣ ነገር ግን የቅጣት ማቅለያ አለው ወደሚለው እያዘነበሉ እንደነበር ከዐይናቸው አውቄያለሁ።

«እኔ የምለው» አለች እማዬ፣ በረካውን እየቀዳች፣ «ያ ከአውሮፕላን የተወረወረው ልጅስ?»

«የትኛው?» አልኩ።

«የትኛው ይለኛል እንዴ! ጃክ ነው ማን ያላችሁት። እናንተ ስትከራከሩ የዋላችሁት ስለ ወርዋሪው ነው። ከዳ፣ አልከዳ፣ ተደረገበት፣ አልተደረገበት። የተወረወረውን ማን አነሣው? ቤተሰቦቹ ተነገራቸው?»

ዳኛው የተከፈተ አፋቸውን ዘጉ። ለሟች ቤተሰብ ካሣ የሚባል ነገር እንዳለ ሊያስታውሱ ሲሞክሩ አየኋቸው፤ አላወጡትም። እኔም ዐቃቤ ሕጉ ክሴን የከፈትኩት በማን ስም እንደነበር ለማስታወስ ገጹን ፈለግኩ። የእህቴ ልጅ ግን ዘመናዊ ጠበቃ ነው፤ ነገሩ ሲከብደው ሌላ ፋይል ይከፍታል።

«ቆይ ጋሼ! ኤንድጌም ላይ እኮ አሳንሰር ውስጥ ያንኑ ሰላምታ ይላል!»

እውነቱን ነው። በፊልሙ ካፒቴኑ ወደ ኋላ ዘመን ተመልሶ፣ በሃይድራ ሰዎች የተሞላ አሳንሰር ውስጥ ይገባል። የሚፈልገው ሻንጣ በእነሱ እጅ ነው። አንዱ ሰውዬ ጆሮ ላይ ጠጋ ብሎ ያችኑ ሁለት ቃል ያንሾካሹካል፤ ሰዎቹም ከእነሱ አንዱ መስሏቸው ሻንጣውን ሰጥተው ያሰናብቱታል። አንድ ቡጢ እንኳ አልተወረወረም።

«እና ታዲያ?» አልኩት።

«እና እዚህ ሲል እያታለላቸው ከሆነ፣ እዚያም ሲል እያታለላቸው ቢሆንስ?»

ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ይህ አዲስ ማስረጃ ነው» አሉ። «ፊልሙን ሳናይ ውሳኔ መስጠት አይቻልም። ለመጪው እሑድ ቀጥረናል።»

«ለቀጠሮው ቡና ይዛችሁ ኑ» አለች እማዬ፣ «የእኔ አልቋል።»